ሥራን በየደረጃው ከፍሎ ስለ ማስተማር
ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ ትምህርት

የንግድ ሥራ በገንዘብና በዕቃ ብቻ አይካሄድም፤ ዕቃውን የሚቀበል፣ የሚመዝን፣ የሚያስቀምጥና የሚሸጥ ሰው ያስፈልገዋል። ይህም ሰው ሥራውን ከሌላ ሰው ይማረዋል እንጂ ይዞት አይወለድም። ስለዚህ ማናቸውም ነጋዴ፣ መጋዘኑ ሰፊም ቢሆን ሱቁ ጠባብ፣ ሠራተኛ በቀጠረበት ቀን ሳያስበው መምህር ሆኗል ማለት ነው። ይሁን እንጂ መግዛትንና መሸጥን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ማስተማርን ደግሞ ያውቃል ማለት አይደለም። የዚህ ትምህርት ዓላማም ከማስተማር ጥበብ አንዱን ክፍል፣ ይኸውም አንድን ሥራ ተማሪው ሊይዘው በሚችለው መጠን ከፍሎ የማቅረብን ዘዴ፣ ማስረዳት ነው።

አንዲት ቃል ስንት ሥራ ትይዛለች?

ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው ጎዳና ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ከሚሄደው ጎዳና ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው የምዕራብ ጎጃም ገጠርም በበቆሎውና በበርበሬው የታወቀ ነው። እንግዲህ አንድ የቡሬ በርበሬ ነጋዴ ከገበዝ ማርያም ገጠር የመጣ፣ ትምህርቱን የጨረሰ ትጉህ ወጣት ቀጠረ እንበል። በመጀመሪያው ጧት ከመጋዘኑ በር አቁሞ፣ «ልጄ፣ ደረቁን ተቀበል፤ እርጥቡን መልስ፤ መዝነህም ወደ ውስጥ አስገባ» ይለዋል። ወጣቱም «እሺ ጋሼ» ብሎ ሥራውን ይጀምራል።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመጋዘኑ ውስጥ የሻጋታ ሽታ ይነሣል። ጆንያዎቹ ሲፈቱ ላይ ላዩ ያማረ ቀይ ፍሬ፣ መካከሉ ግን የታፈነና የሻገተ ሆኖ ይገኛል። ነጋዴው «ነግሬህ አልነበረምን?» ብሎ ይቈጣል። ወጣቱም በእርግጥ ተነግሮት ነበርና መልስ ያጣል፤ ከሥራውም ይወጣል። በእርሱ ፈንታ ሌላ ወጣት ይቀጠራል፤ ለእርሱም በበሩ ላይ ያችው ቃል ትነገረዋለች።

ነገሩ በጥንቃቄ ቢመረመር ጥፋቱ ከወጣቱ ስንፍና የመጣ እንዳልሆነ ይታያል። ነጋዴው ብዙ ዘመን በርበሬ ገዝቷል። እጁ ወደ ጆንያው ጥልቅ ብሎ ከመካከል ይዘግናል፤ ጆሮው የዘሩን መንኳኳት ያዳምጣል፤ ጣቱ ፍሬውን አጥፎ ይፈትናል፤ አፍንጫው ሽታውን ይለያል። ይህን ሁሉ በአንድ አፍታ ያደርገዋል፤ ከልማድ ብዛት የተነሣም ማድረጉን እንኳ አያስተውለውም። ስለዚህ «ደረቁን ተቀበል» ሲል ለእርሱ ብዙ ሥራ ያዘለች ቃል ለወጣቱ አንዲት ቃል ብቻ ሆና ትቀራለች። ሥራውን እጅግ የሚያውቀው ሰው በማስተማር ጊዜ ብዙውን ነገር የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እውቀቱ ከአንደበቱ ወደ እጁ ወርዷልና።

ከዚህ ዓይነቱ መዝለል የሚመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። እርጥበት ባለበት በርበሬ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ ሻጋታዎች አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ያወጣሉ፤ ይህም መርዝ ፍሬው ቢፈጭም ሆነ ወጥ ውስጥ ገብቶ ቢበስል ፈጽሞ አይወገድም። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ገበያው በሚገባ የደረቀ በርበሬ ላይ ከጠቅላላው አፍላቶክሲን በአንድ ኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ፣ ከዚህም ውስጥ ቢ1 ከሚባለው ዓይነት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ እንዳይገኝ ደንግጓል። አንዳንድ ሰው ፍሬው እንዳይሰባበር ወይም ክብደት እንዲጨምር ብሎ ውኃ የሚረጭ መሆኑ ሲታሰብ፣ ከመጋዘን በር ላይ የቆመው ወጣት የያዘው ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ይገለጣል። በዚያ በር ላይ የተዘለለች አንዲት ደረጃ የባለቤቱን ገንዘብና የአገሩን ዕቃ ስም፣ ከሁሉም በላይ የበላተኛውን ጤንነት ትነካለች።

የአብነት ትምህርት ቤት ምስክርነት

ሥራን ከፍሎ ማስተማር ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ነገር ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር ወደ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይመልከት። የኔታ ሕፃኑን ተቀብለው ወዲያው ዳዊት አይሰጡትም። አስቀድሞ ፊደል ያስቈጥሩታል። ሕፃኑ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ሲወርድ ፊደሉን ያወቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ጆሮው የያዘውን ቅደም ተከተል እየደገመ እንጂ ዐይኑ መልኩን እየለየ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የተለወጠበት አቡጊዳ ይቀርብለታል። በዚህ ጊዜ በጆሮው ብቻ የተማረው ይሰናከላል፤ በዐይኑ የለየው ግን ያልፋል። ቀጥሎ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል፣ በመጨረሻም ዳዊት ይመጣል። ንባቡም ራሱ በአንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ፊደሉን በቍጥር ከመለየት ተነሥቶ በግዕዝና በውርድ ንባብ በኩል አልፎ ወደ ቁም ንባብ ይደርሳል።

የጎጃም ስም የሚጠራበት የቅኔ ትምህርትም በዚህ ሥርዓት የቆመ ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዲማን የመሰሉ ጉባኤዎች ያፈሯቸው ሊቃውንት ሁሉ ከግሥና ከርባ ጀምረው፣ ሁለት ቤት ባለው ጉባኤ ቃና ተለማምደው፣ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ፣ ወደ አምስት ቤቱ ዋዜማ፣ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ እንዲሁም ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ደርሰዋል። እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ጉባኤ ቃና አጭር ይሁን እንጂ ሙሉ ቅኔ ነው፤ ተማሪው በመጀመሪያው ደረጃ የሚያገኘው የመወድስን ቍራጭ አይደለም። እንዲሁ ሥራን የሚከፍል ሰው ለተማሪው ትንሽ ቢሆንም ሙሉ የሆነ፣ «ፈጸምሁት» ሊለው የሚችለውን ክፍል መስጠት ይገባዋል። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረትም ለዚህ የሚስማማ ነው።

በሌላው ዓለም የተደረገው

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ መርከብ የሚሠሩ ብዙ አዳዲስ ሠራተኞች በአስቸኳይ ባስፈለጓት ጊዜ፣ ቻርልስ አለን የተባለው የሙያ መምህር ትምህርቱን በአራት ደረጃ እንዲሰጥ አደረገ። እነርሱም ተማሪውን ማዘጋጀት፣ ሥራውን ማሳየት፣ እርሱ ራሱ እንዲሠራው ማድረግና መፈተን ናቸው። ይህንም እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1940 እስከ 1945 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ መንግሥት በፋብሪካዎች ውስጥ ያካሄደው የሥልጠና ፕሮግራም ይህንኑ መሠረት አድርጎ ከ1 ሚሊዮን ለሚበልጡ ሰዎች የምስክር ወረቀት ሰጠ። የማስተማር ዘዴው ትምህርት የሚወስደው 10 ሰዓት ብቻ ነበር፤ በሁለት በሁለት ሰዓት ተከፍሎ በአምስት ጊዜ ይሰጥ ነበር። የፕሮግራሙ ዋና መሣሪያም አሠሪው ከማስተማሩ በፊት ሥራውን በደረጃ ከፍሎ የሚጽፍበት አንድ ወረቀት ነበር።

ዘዴው ከጦርነቱ በኋላ ወደ ጃፓን ተሻግሮ በፋብሪካዎቿ ሥር ሰደደ፤ ካይዘን ለተባለው የሥራ ማሻሻያ ልማድም አንዱ መሠረት ሆነ። በኢትዮጵያም ይህንኑ ልማድ ለማስፋፋት በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። እንዲሁም ለአሜሪካ አየር ኃይል ሥልጠና ያጠና የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ ሮበርት ጋኜ እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣው ጽሑፍ፣ ለሥልጠና የሚበጀው ዋና ነገር ሥራውን ደጋግሞ ማሠራት ብቻ ሳይሆን አስቀድሞ የሥራውን ክፍሎች መለየት፣ እያንዳንዱ ክፍል መያዙን ማረጋገጥና ክፍሎቹን በተገባው ቅደም ተከተል ማስቀመጥ መሆኑን አስረዳ። ድግግሞሽ የሚጠቅመው የሚደገመው ነገር ተለይቶ ሲታወቅ ነውና።

የአከፋፈሉ ሥርዓት

ሥራን ለመክፈል የሚፈልግ አሠሪ የሚከተሉትን አምስት ነገሮች ቢጠብቅ አይሳሳትም።

አንደኛ፣ የሥራው ፍጻሜ አስቀድሞ ይጻፍ። «በርበሬ መቀበልን ማወቅ» የሚለው ፍጻሜ አይባልም። «ከአንድ ገበሬ የመጣውን ጆንያ መርምሮ፣ የሚገባውን መዝኖና መዝግቦ በሥፍራው መደርደር» ቢባል ግን መፈጸሙና አለመፈጸሙ በዐይን ይታያል።

ሁለተኛ፣ ሥራው በሚሠራበት ስፍራ ይታይ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ከትዝታ የሚጽፍ ሰው ልማድ የሸፈነበትን ሁሉ ይዘላል። ነጋዴው አንድ ቀን ራሱ እየሠራ፣ ሌላ ሰው በአጠገቡ ቆሞ እጁ የሚያደርገውን ሁሉ ይጻፍ። ጸሐፊው ሥራውን የማያውቅ ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማል፤ «አሁን ለምን አሸተቱት?» ብሎ የሚጠይቀው እርሱ ነውና።

ሦስተኛ፣ በዐይን የማይታይ ግሥ ይወገድ። «መርምር»፣ «አስተካክል»፣ «ተጠንቀቅ» የሚሉት ቃላት ብዙ ሥራ ሸሽገው ይይዛሉ። በእነርሱ ፈንታ «ፍታ»፣ «ዝገን»፣ «ነቅንቅ»፣ «እጠፍ»፣ «ጻፍ» ይባል።

አራተኛ፣ ከየደረጃው አጠገብ ቁም ነገሩ ከነምክንያቱ ይጻፍ። ቁም ነገር የሚባለው ከሦስቱ አንዱን የሚነካ ነው፦ ቢዘለል ሥራውን የሚያበላሽ፣ ሠራተኛውን የሚጐዳ፣ ወይም ሥራውን የሚያቀልል ብልሃት። ምክንያቱን የማያውቅ ሠራተኛ ጌታው ዞር ሲል ደረጃውን ይተወዋል፤ ምክንያቱን ያወቀ ግን ብቻውንም ሲሆን ይጠብቀዋል።

አምስተኛ፣ «ይህን ለማድረግ አስቀድሞ ምን ማወቅ አለበት?» ተብሎ ይጠየቅ። ሚዛኑን ማንበብ የማይችል ሰው መመዘንን ሊማር አይችልም። እንዲህ ዓይነቱ እውቀት ከሥራው በፊት ለብቻው ይሰጠዋል።

ምሳሌ፦ የደረቀ በርበሬ አቀባበል

ከዚህ በላይ በተነገረው ሥርዓት የቡሬው ነጋዴ የሚያዘጋጀው ወረቀት የሚከተለውን ሊመስል ይችላል።

1ኛ ደረጃ፦ ጆንያውን ፈትቶ እፍኝ እፍኝ ማውጣት። ቁም ነገር፦ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ይዘገናል። ምክንያት፦ እርጥቡ በደረቁ ተሸፍኖ ሊመጣ ይችላል።

2ኛ ደረጃ፦ ፍሬውን በጆሮ አጠገብ መነቅነቅ። ቁም ነገር፦ ዘሩ ሲንኳኳ መሰማት አለበት። ምክንያት፦ በእርጥብ ፍሬ ውስጥ ዘሩ ተጣብቆ ድምፅ አይሰጥም።

3ኛ ደረጃ፦ ፍሬውን ማጠፍ። ቁም ነገር፦ የደረቀው ይሰበራል፤ እርጥቡ እንደ ቆዳ ይተጣጠፋል። በበርበሬው የተነካ እጅ ወደ ዐይን አይሄድም። ምክንያት፦ ዐይንን አቃጥሎ ሠራተኛውን ይጐዳል።

4ኛ ደረጃ፦ ከየእፍኙ ጥቂት ፍሬ ሰንጥቆ ውስጡን ማየትና ማሽተት። ቁም ነገር፦ ውጪው ያማረውም ቢሆን ይሰነጠቃል። ምክንያት፦ ሻጋታ ከውጭ ሳይታይ በውስጥ ይኖራል።

5ኛ ደረጃ፦ መወሰን። ቁም ነገር፦ በአራቱ ደረጃዎች ከተፈተነው አንዱ እንኳ ቢወድቅ ጆንያው አይመዘንም፤ ለብቻው ይቀመጥና ባለቤቱ ይጠራል። ምክንያት፦ ከጥሩው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ መለየት አይቻልም።

6ኛ ደረጃ፦ መመዘን። ቁም ነገር፦ ዕቃው ከመጫኑ በፊት ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙ ይታያል፤ ንባቡም ሻጩ እያየ ይነገራል። ምክንያት፦ ክርክርን ያስቀራል።

7ኛ ደረጃ፦ መመዝገብ። ቁም ነገር፦ የሻጩ ስምና ቀበሌ፣ ቀኑና ክብደቱ በመዝገብም በጆንያው ምልክትም ላይ ይጻፋል። ምክንያት፦ ኋላ ጉድለት ቢገኝ ከየት እንደ መጣ ይታወቃል።

8ኛ ደረጃ፦ መደርደር። ቁም ነገር፦ ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳውም ራቅ ብሎ ይደረደራል። ምክንያት፦ ከወለልና ከግድግዳ እርጥበት ይስባል።

ከእነዚህ ደረጃዎች መካከል አምስተኛው ከሌሎቹ የተለየ መሆኑ ይስተዋል። ሌሎቹ በእጅ ይሠራሉ፤ እርሱ ግን የልብ ፍርድ ነው። የፍርድ ሥራ በቃል ብቻ አይተላለፍም። ነጋዴው ደረቁን፣ ከፊል እርጥቡን፣ ውኃ የተረጨበትንና የሻገተውን ፍሬ በአራት ሳህን አቅርቦ ወጣቱ እየነካና እያሸተተ እንዲለይ ማድረግ አለበት። በሁለተኛው ቀን የሳህኖቹን ተራ ይለውጣቸው፤ የኔታ ከፊደል ቈጠራ በኋላ አቡጊዳ ማምጣታቸው ይህንኑ ለመፈተን ነበርና።

ለላኪዎችና ለአስመጪዎች

ዘዴው በእጅ ለሚሠራ ሥራ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ላኪው ለአዲስ ጸሐፊ «ለባንክ የሚቀርበውን የኤል ሲ ሰነድ አዘጋጅ» ሲል ይህም ብዙ ሥራ ያዘለ ትእዛዝ ነው። ሥራው ቢከፈል፦ የኤል ሲውን ጽሑፍ ማንበብና የተጠየቁትን ሰነዶች መዘርዘር፤ የመጨረሻውን የመጫኛ ቀንና ኤል ሲው የሚያበቃበትን ቀን በቀይ ማስመር፤ ደረሰኙን፣ የጭነት ሰነዱንና የአስተሻሸግ ዝርዝሩን ጐን ለጐን አድርጎ ስሙን፣ ክብደቱንና የጆንያውን ቍጥር ማስተያየት፤ ልዩነት ቢገኝ ከማቅረብ በፊት ማሳረም፤ በመጨረሻም የማቅረቢያውን ቀን መቍጠር ይሆናል። ከሐምሌ 1 ቀን 2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሠራበት፣ ዩሲፒ 600 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ኤል ሲው ሌላ ቀን ካልወሰነ በቀር ዋናው የጭነት ሰነድ ዕቃው ከተጫነበት ቀን አንሥቶ በ21 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ባንኩም ለመመርመር ቢበዛ አምስት የሥራ ቀን አለው። ይህን ቁም ነገር ያልተነገረው ጸሐፊ ሰነዱን አሳምሮ ጽፎ በ22ኛው ቀን ሊያቀርበው ይችላል።

መጠንን ስለ መጠበቅ

ሥራን መክፈል መልካም ሲሆን ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ይጐዳል። «ቀኝ እጅህን አንሣ፤ ገመዱን ያዝ፤ ሳብ» እያለ የሚጽፍ አሠሪ ተማሪውን ያሰለቸዋል፤ ዋናውንም ነገር በትንንሹ ይሸፍነዋል። የደረጃ መጠን የሚለካው በተማሪው ነው። ገበሬ ቤት ያደገ ወጣት ጆንያ መፍታትና ማሰርን ማንም ሳይነግረው ያውቃል፤ ለከተማ ልጅ ግን ይህ ራሱ ትምህርት ሊሆን ይችላል። በአንድ ትምህርት የሚሰጠውም ተማሪው ወዲያው ሊደግመው ከሚችለው አይለፍ፤ ስምንቱን ደረጃ በአንድ ጧት ከማፍሰስ አራቱን አስይዞ ማሳደር ይሻላል።

ወረቀቱ ከተዘጋጀ በኋላ ትምህርቱ በአራት ምዕራፍ ይሰጣል። መጀመሪያ ወጣቱ ምን እንደሚያውቅ ይጠየቃል፤ ፍርሃቱም ይወገድለታል። ቀጥሎ ነጋዴው ደረጃውን እየጠራ ይሠራል፤ ሁለተኛም ጊዜ ቁም ነገሩንና ምክንያቱን እየተናገረ ይደግማል። ሦስተኛ ወጣቱ ራሱ እየሠራ ምክንያቱን ጭምር ይናገራል፤ የተሳሳተውም ወዲያው ይታረማል። በመጨረሻ ብቻውን ይተዋል፤ ቢቸግረው ማንን እንደሚጠይቅ ይነገረዋል፤ ነጋዴውም አስቀድሞ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላም አልፎ አልፎ ይጐበኘዋል።

እንግዲህ ወደዚያ መጋዘን በር መመለስ ይገባል። ሻጋታው በተገኘበት ዕለት ነጋዴው «ነግሬህ አልነበረምን?» ከማለት ይልቅ «ከስምንቱ የትኛው ደረጃ ተዘለለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ወረቀቱን አውጥቶ ጣቱን በአንዱ መስመር ላይ ሊያሳርፍ ይችል ነበር። ስሕተቱ በወጣቱ ከተገኘ ያችው ደረጃ ብቻ ትደገምለታለች፤ ወረቀቱ ላይ ሳትጻፍ ቀርታ ከሆነ ደግሞ ትጨመራለች። ከዚያም ወዲያ የሚቀጠረው ሁሉ ከእርሷ ጋር ይማራል። አንድ ታማኝ ልጅም የሌላውን ዕዳ ተሸክሞ ወደ አገሩ አይመለስም።

መልመጃ

1. በሱቅ ወይም በመጋዘን ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ ተመርጦ ፍጻሜው በዐይን በሚታይ ቃል ይጻፍ።

2. ሥራው ሲሠራ ታይቶ ከአምስት እስከ ዐሥር በሚሆን ደረጃ ይከፈል፤ ከየደረጃውም አጠገብ ቁም ነገሩና ምክንያቱ ይቀመጥ።

3. ወረቀቱ ሥራውን ፈጽሞ ለማያውቅ ሰው ይሰጥ፤ ማንም ሳይረዳው ይሥራበት። የቆመበትና ያመነታበት ስፍራ የተዘለለው ደረጃ ያለበት ስፍራ ነው።